ሦስት ምት፣ አንድ ትንፋሽ

አቶ ጂንሁዎ ከሰው ይልቅ ከእንጨት ጋር የሚግባቡ ሰው ናቸው። ምራታቸው ዩንሩ እዚያ ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ለእሷ የተናገሩት ቃል ተሰብስቦ አንድ ፖስትካርድ አይሞላም። ጠዋት «በላሽ?» ይሏታል፤ ማታ «ገባሽ?» ይሏታል፤ በቃ። የቀረውን የሚናገርላቸው መዶሻቸው ነው።

ሉካንግ በምትባል የሩቅ ምሥራቅ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ የቤታቸው የፊት ክፍል ወርክሾፕ ነው። እዚያ ሆነው የሞቱ አያቶች ስም በጣውላ ተጽፎ የሚቀመጥበትንና ዕጣን የሚጨስበትን ትልልቁን ጠረጴዛ ይሠራሉ። ሚስማር በእጃቸው አይነኩም፤ እግሩን ከደረቱ፣ ደረቱን ከጎኑ፣ በመሮ እየፈለፈሉ አንዱን በአንዱ ውስጥ ይሰካሉ። ሦስት ጊዜ ይመታሉ። ያቆማሉ። ጎንበስ ብለው ፍቅፋቂውን ከጉድጓዱ ውስጥ በረጅሙ እፍ ይሉታል። እንደገና ሦስት። ልጃቸው ቦያን፣ የዩንሩ ባል፣ በአፍላነቱ ሥራውን ሊማር ተቀምጦ አምስቴ ስድስቴ እያከታተለ ሲደበድብ አንድ ጥሩ የካፉር እንጨት ሰነጠቀ። አባትየው አልተቆጡም፤ መሮውን ከእጁ ቀሙት፣ ሁለተኛም አልሰጡትም። ቦያን ዛሬ የዕቃ መጫኛ መኪና የሚነዳው በዚያች ቀን ምክንያት ነው፤ እስካሁንም ነገሩ ሲነሣ ፊቱ ይቀላል።

ዩንሩ የሦስት ምቱን ነገር ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ግድግዳ ላይ እንዳለ ሰዓት ነው፤ ማን ይሰማዋል?

ነፍሰ ጡር በሆነች በአራተኛው ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ወደምትሠራበት ፖስታ ቤት ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ልቧ ያለ ምክንያት ተነሣባት። ያባረራት የለ፣ የሰደባት የለ፤ ተቀምጣ በመስኮት ነበር የምታየው። እጇ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቃት፣ ጉሮሮዋን አንዳች ነገር ያነቃት መሰላት። «መሞቴ ነው» አለች በሆዷ፤ ወዲያው «መሞታችን ነው» ብላ አረመችው። ይበልጥ ያስደነገጣትም እሱ ነው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ ከአንዲት የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሴትዮዋ ምንም ሳትጠይቅ ጃንጥላዋን ወደ እሷ አዘነበለችላት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነገርዬው እንደ አመጣጡ ሄደ። ዩንሩ ተነሥታ ቀሚሷን አራግፋ ሥራ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ ምንም እንዳልሆነች ሰው ቴምብር ስትለጥፍ ዋለች።

በዚያው ሳምንት ሁለቴ ተመለሰባት። ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገር? እናት የሚሰማት ሁሉ ለፅንሱ ይተርፋል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው፤ የተቆጣች እናት ቁጡ ልጅ፣ የፈራች እናት ፈሪ ልጅ። «ፈራሁ» ማለት ልጄን ገና ሳይወለድ ጎዳሁት ብሎ መናዘዝ ሆኖ ታያት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይቺ ግን በሽታ መሆኑንም አታውቅ፣ ጥፋት ነበር የመሰላት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከኋላ ባለው መኝታ ክፍል ብቻዋን ሳለች መጣባት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንሶላውን ጨመደደችው። ከፊት ክፍል የአማቷ መዶሻ ይሰማል። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ከዚያ ዝም። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሽማግሌው እፍ እያሉ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሳታስበው እሷም እፍ አለች። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። እፍፍፍ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ጉሮሮዋን የያዛት ነገር ቀስ በቀስ ላላ። አቶ ጂንሁዎ አንዱን ጉድጓድ ጨርሰው ወደ ሌላው ሲሻገሩ የዩንሩም ልብ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፍርሃቱ ሲመጣባት ጆሮዋን ወደ ፊት ክፍል ትጥላለች። ሠላሳ ምት ሳይሞላ ይለቃታል። ይህን ደግሞ ማንም አያውቅም፤ መዶሻውን የሚመቱት ሰውዬ ጭምር።

የባሏ እናት እትዬ ባኦጁ ባላቸው የተዉትን ንግግር ሁሉ ተረክበው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱን በር ሲከፍቱ ምራታቸው ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷን አቅፋ፣ ፊቷ ዱቄት መስሎ አገኟት። አንድ ጊዜ ጮኹና ወዲያው ምክንያቱን አወቁት። በዚያ አገር አሮጊቶች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ የፅንሱ መንፈስ እናቲቱ ሆድ ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፣ ቤቱን እየዞረ ይውላል። ወጥ ቤት የተሰቀለው ቀዩ የቀን መቁጠሪያ በየዕለቱ የት እንዳለ ይናገራል፤ ዛሬ በሩ ላይ፣ ነገ ምድጃው ሥር፣ ከነገ ወዲያ ከቤት ውጭ በስተደቡብ። እሱ ባለበት የመታ፣ የበሳ፣ የቆረጠ ወይም አልጋ የጎተተ ሰው መንፈሱን ያገኘዋል፤ እናቲቱም ትታመማለች።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!» አሉ እትዬ ባኦጁ ደረታቸውን እየደቁ። «አናጺ ቤት ተቀምጬ! ሽማግሌው በመሮ ሲወቅጠው እያየሁ! ድሮውንስ ምን ይጠበቃል!»

«እማማ፣ እሱ አይደለም…»

«ዝም በይ! አንቺ ስለ ቴምብር ነው የምታውቂው!»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው መንፈሱ ቤት ያለበትንም የሌለበትንም ቀን አንድ ላይ ከለከሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ጸጥ አለ። መቀሶቹ በሙሉ ጎረቤት ተላኩ። ዓሣ የሚከተፈው ጎረቤት ነው፤ ጎመን በእጅ ይቀነጠሳል፤ ወንበር መሳብ የፈለገ ሰው አንሥቶ ይሸከማል። ቦያን መኝታ ቤት ውስጥ ጥፍር መቁረጥ ስለተከለከለ መኪናው ውስጥ ይቆርጣል፤ ሲረሳው ደግሞ ዩንሩ «ከድመት ጋር ነው እንዴ የተጋባሁት?» ትለዋለች።

አቶ ጂንሁዎ መዶሻውንና መሮዎቹን በአሮጌ ሸሚዝ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡና እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመሩ። ጠረጴዛ አዝዞ የሚጠብቅ ደንበኛ ሲደውልላቸው «ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት» ብለው ስልኩን ዘጉት። ደንበኛውም ደግሞ አልደወለም፤ እዚያ አገር ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ዩንሩ ታያለች። አርባ ዓመት ያልቆመ እጅ ለእሷ ሲባል ቆመ። ሰው ሲበድልሽ ትከራከሪዋለሽ፤ ሲወድሽ ምን ትይዋለሽ? እናም ምስጋናዋን ዋጥ አድርጋ፣ ችግሯንም አብራ ዋጠች። የቤቱ ዝምታ ግን ፋታ ነሣት። መዶሻው በሌለበት ፍርሃቱ ሲመጣ የምትይዘው ነገር አጣች፤ በሳምንት ሁለቴ የነበረው በየቀኑ ሆነ። እሷ በታመመች ቁጥር እትዬ ባኦጁ ጥንቃቄውን ይጨምሩታል፤ ጥንቃቄው በጨመረ ቁጥር እሷ ትታመማለች። ቴሌቪዥኑ እንኳ ድምፁ ተዘግቶ አፍ ብቻ ሲያንቀሳቅስ ይመሻል።

ከሁሉ የባሰው የሆስፒታሉ ነገር ነበር። ልጁን በአልትራሳውንድ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሦስተኛው ወር ነው፤ ባቄላ አክሎ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀጠሮ ነበራት። ሁለቱንም ጊዜ እስከ በሩ ሄዳለች፤ ሊፍቱ ተከፍቶ ሰው ሲገባ ስታይ ትንፋሿ ይቆማል፣ ተመልሳ ትወጣለች። ሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ የልጁ ልብና አከርካሪ፣ እጅና እግሩ አንድ በአንድ የሚታይበት ትልቁ ምርመራ ነበር። ቤት ስትገባ «ደኅና ነው አሉኝ» ብላ የድሮውን ፎቶ አሳየች። እትዬ ባኦጁ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ፎቶውን አቅርበውም አርቀውም አዩት።

«አላደገም እንዴ ይሄ ልጅ?» አሉ።

«አድጓል፤ ራቅ ብለው ስላነሡት ነው።»

«እንደ አያቱ ነው በይኛ። ካስቀመጡት አይነቃነቅም።»

ዩንሩ የዚያን ቀን ሳቀች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። በልጁ ዋሸችበት። ደኅና ይሁን አይሁን ሳታውቅ ደኅና ነው አለች።

ውሸቷ የተጋለጠው ቅዳሜ ዕለት፣ ለምሳ ተቀምጠው ሳለ ነው። እትዬ ባኦጁ ምድጃው ጋ ቆመው ከጎረቤት ተከትፎ የመጣውን ዓሣ ሲያጥቡ የቤቱ ስልክ ጮኸ። እጃቸው ቅርፊት ብቻ ስለነበር በክርናቸው ድምፅ ማጉያውን ተጫኑት።

«ሄሎ! ጮክ በይ ልጄ፣ እጄ ዓሣ ነው!»

«ሲስተር ሊን ነኝ፣ ከሆስፒታል፣ ከእናቶች ክፍል። ዩንሩ የእጅ ስልኳን ስለማታነሣ ነው። ሁለቱም ቀጠሮ አልፏታልና ሐኪሟ አሳስቧታል።»

«የምን ማለፍ? ሄዳ የለም እንዴ! ፎቶውን በዓይኔ ያየሁትን!»

ቦያን ማንኪያውን አስቀመጠ። አቶ ጂንሁዎ ቀና አሉ።

«ዩንሩ?» አለ ቦያን።

«አልሄድኩም» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «እስከ በሩ ሄጃለሁ። እየታፈንኩ ተመለስኩ። ያሳየኋችሁ የድሮውን ፎቶ ነው። ልጁን ካየሁት ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው። ሆዴ ውስጥ የሚላወሰው እሱ ይሁን ፍርሃቴ ይሁን አላውቅም። እኔ… ለእናንተ… ይቅር በሉኝ…»

ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም፤ መጣባት። በሰው ፊት ሲመጣባት የመጀመሪያው ነው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች፤ አየሩ ከክፍሉ አለቀ።

«ውሃ!» አሉ እትዬ ባኦጁ። «ቦያን፣ እጇን ያዝ! ኧረ አትያዝ፣ አየር ታግኝ! ስኳር! መኪና አስነሣ! የታለ ቁልፍህ!»

ቦያን ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። ዩንሩ ዓይኗን አቶ ጂንሁዎ ላይ ተከለች።

«አባባ…» አለች። «ይምቱ።»

«ምን?» አሉ ሽማግሌው።

«መሮውን… ይምቱት። እባክዎ። እርስዎ ሲመቱ ነው እኔ የምተነፍሰው።»

«አበደች!» አሉ እትዬ ባኦጁ። «ልጄ አበደችብኝ! መንፈሱ እኮ ዛሬ እዚሁ ነው ያለው፣ ምድጃው ሥር፣ ይኸው እግሬ ሥር!»

አቶ ጂንሁዎ ሚስታቸውን አዩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ የቀን መቁጠሪያ አዩ። ምራታቸውን አዩ።

«መንፈሱ ቤት ነው?»

«ቤት ነው አልኩህ!»

«እንግዲያው እኔ እወጣለሁ።»

ተነሡ። የተጠቀለለውን ሸሚዝ ከመደርደሪያ፣ አንድ ያልተጨረሰ የጠረጴዛ እግር ከጥግ አንሥተው፣ በቤት ጫማቸው መንገዱን ተሻገሩ። ከቤቱ ፊት ለፊት የሰፈሩ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንጨቱን ጭናቸው መሃል አጣበቁት። ነገሩ ለቦያን የገባው ያኔ ነው፤ ሮጦ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

እፍታቸው ከዚያ ድረስ አይሰማም። ቦታውን ግን ዩንሩ ታውቀዋለች፤ ምቱ ዝም ባለ ቁጥር ራሷ እፍ አለች። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። እፍፍፍ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያልሰማችው ድምፅ ነው፤ እንባዋ እየወረደ ነው የተነፈሰችው። ቦያን ከጎኗ ተንበርክኮ አብሯት እፍ ይላል፤ እንዴት እንደሚረዳት ባይገባውም ያደርገዋል። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ለቀቀ።

እትዬ ባኦጁ ዓሣውን እንደያዙ ቆመው ቀርተዋል።

«ስድስት ሳምንት» አሉ በመጨረሻ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ ትንፋሽሽ ላይ ነው ተደፍተን የተቀመጥነው?»

«እማማ፣ ስለወደዳችሁኝ ነው።»

«ወድጄሽማ ልጨርስሽ ነበር!» ከዚያ ዓሣውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከጎኗ ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ። «ቦያንን ሳረግዝ እኔም እንዲህ ያደርገኝ ነበር። ልቤ ብድግ ይልና ወደ ወርክሾፑ እሮጣለሁ፣ ፍቅፋቂው ላይ እቀመጣለሁ። አማቴ ‹ከመዶሻው ራቂ!› እያሉ በመጥረጊያ ያባርሩኛል። ለምን እንደምሮጥ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። እኔስ ይኸው መጥረጊያውን ወርሼ ቁጭ አልኩ።»

«ሄሎ?» አለ ስልኩ ከዓሣው አጠገብ። «አሁንም አለሁ።»

ሁሉም ደነገጡ። ሲስተር ሊን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምታለች።

«ዩንሩ፣ የሚመታው ምንድን ነው?»

«አማቴ ናቸው» አለች ዩንሩ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«በርቱ በያቸው። አሁን ስሚኝ። ይሄ ያንቺ ነገር ስም አለው፤ ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ነው፣ ስንቷ ነፍሰ ጡር ላይ ሲመጣ አይቻለሁ መሰለሽ። ሲይዝሽ የምትሞቺ ይመስልሻል እንጂ አትሞቺም፤ ልጅሽንም አያፍነውም። ልብሽንም ቢሆን እናየዋለን፣ ብቻሽን አትገምቺ። ትንፋሽን በረጅሙ ማስወጣት እኛም የምናስተምረው እሱኑ ነው። ስለዚህ ነገር የምታነጋግርሽ ሐኪምም አለች። ማክሰኞ ጠዋት ትመጫለሽ?»

ዩንሩ ወደ መስኮቱ አየች። ሽማግሌው ማንም አቁሙ ስላላላቸው አሁንም ይመታሉ።

«እመጣለሁ» አለች።

እስከ ማክሰኞ ባሉት ቀናት በቤቱ አዲስ ሕግ ወጣ። እትዬ ባኦጁ በማለዳ መነጽራቸውን አድርገው የቀን መቁጠሪያውን ያነቡና ወደ ወርክሾፑ ይጮኻሉ፤ «ዛሬ ውጭ ነው፣ በስተሰሜን! ቤትህ ሆነህ ምታ!» ወይም «ዛሬ በሩ ላይ ነው! እንጨትህን ይዘህ ውጣ!» አቶ ጂንሁዎም ይወጣሉ። መንፈሱ ሲገባ እሳቸው ይወጣሉ፣ እሱ ሲወጣ እሳቸው ይገባሉ፤ የሰፈሩ ሰው «ሽማግሌው ከማን ጋር ነው የተጣሉት?» እያለ ሳቀ። ዩንሩ መኝታ ቤቷ ሆና ስትሰማቸው ልቧ በምስጋና ይሞላል። ማመስገኛ ቃል ግን አላገኘችም፤ ለእሳቸው የሚሆን ቃል ከየት ይመጣል? አንድ ጠዋት የሩዝ ገንፎ በሳህን ይዛላቸው ደረጃው ድረስ ተሻገረችና «በሉ?» አለቻቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አይተዋት ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ አይታቸው አታውቅም ነበር፤ ሁለት ጥርስ የላቸውም።

ማክሰኞ ሁሉም ሄዱ። ቦያን በሩ ላይ አወረዳቸውና የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሄደ። ሊፍቱን ትተው በደረጃ ወጡ፤ እትዬ ባኦጁ በየእርከኑ እየቆሙ «የማሳርፈው ጉልበቴን ነው፣ አንቺን አይደለም» ይላሉ፤ ዩንሩ ለእሷ ሲሉ እንደሚቆሙ ታውቃለች። አቶ ጂንሁዎ የፍራፍሬ ከረጢት አንጠልጥለው ከኋላ ይከተላሉ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስሟ ተጠራ። የመመርመሪያው ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ለምስሉ ሲባል ጨልሟል። ዩንሩ ጨለማውን ስታይ እግሯ ቆመ። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወደ ደረጃው መመልከት ጀመረች።

አቶ ጂንሁዎ ከከረጢቱ መዶሻውንና አንዲት ቁራጭ የካፉር እንጨት አወጡ። መሮውን ሚስታቸው ከልክለዋቸው ቤት ቀርቷል፤ ነፍሰ ጡር ፊት ስለት አይያዝም። የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እንጨቷን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መቱ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። የልጇን ልጅ አጅባ የመጣች አንዲት አሮጊት ድምፁን ስትሰማ ብድግ አለችና እጆቿን አጋጥማ ጸሎት ጀመረች። በዚያ አገር መነኮሳት ሬሳ አጠገብ ሲጸልዩ እንጨት የሚመቱት ልክ እንደዚሁ ነው።

«ማን አረፈ?» ብላ ጠየቀች በሐዘኔታ።

«ኧረ አፍሽ ይቆረጥ!» አሉ እትዬ ባኦጁ። «ማንም አላረፈም! የሚመጣ ልጅ አለን እኛ! አንተስ፣ አስቀምጥልኝ ይሄን ነገር፣ ዘመድ ሞቶባቸዋል ልታሰኘን ነው?»

ሲስተር ሊን ከክፍሉ ወጥታ፣ ሳቋን አፍና፣ ጎንበስ አለችላቸው። «አባባ፣ የቅዳሜው መዶሻ እርስዎ ነዎት? እጅዎ ይባረክ። እዚህ ግን አይቻልም።»

አቶ ጂንሁዎ መዶሻውን ወደ ከረጢቱ መለሱ። ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ መዶሻ ሳይዙ ምን እንደሚደረግ የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ከዚያ ተነሥተው ወደ ዩንሩ ቀረቡ። እንዲህ ቀርበዋት አያውቁም፤ ልብሳቸው ካፉር ካፉር ይሸታል። ጎንበስ ብለው፣ ከጉድጓድ ፍቅፋቂ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ በረጅሙ እፍፍፍ አሉ።

ዩንሩም እፍ አለች። ሽማግሌው ጠበቁ፣ ሦስት ምት የሚያህል። እንደገና እፍ አሉ። እንደገና እፍ አለች። ሰው ሁሉ እያያቸው ነበር፤ ግድ አልሰጣቸውም። ለእሷ ሲሉ በሰው ፊት ለሬሳ የሚጸልዩ የመሰሉት ሰው፣ አሁንም በሰው ፊት አየር ላይ እፍ ይላሉ። እኔ ማን ሆኜ ነው ይህ ሁሉ የሚደረግልኝ አለች በልቧ፤ ዞራም ወደ ጨለማው ገባች። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

ተኛች። የተቀባችው ነገር ቀዘቀዛት። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዷ ላይ እያንሸራተተች ዝም ብላ ትፈልጋለች። ያ ዝምታ የቤቱን ዝምታ አስታወሳትና ልቧ ብድግ አለ። ዩንሩ በጣቷ የአልጋውን ብረት ሦስት ጊዜ መታች። እፍ አለች። ሦስት ጊዜ መታች። እፍ አለች።

«ጎበዝ» አለች ሐኪሟ ዓይኗን ከምስሉ ሳታነሣ። «እንደሱ። አከርካሪው ይኸውና ቀጥ ያለ። እጆቹ ሁለት፣ እግሮቹ ሁለት። ልቡም ይኸው፣ አራቱም ክፍል። ደኅና ነው የኔ እመቤት፤ ሁሉ ነገር ደኅና ነው። ድምፁን ልክፈትልሽ?»

ክፍሉን ድምፅ ሞላው። ቷቷቷቷቷቷ፤ ፋታ የለው፣ እረፍት የለው። ዩንሩ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሆዷ ውስጥ ይላወስ የነበረው እሱ ነው፤ ፍርሃቷ አልነበረም።

ከበሩ ውጭ የአቶ ጂንሁዎ ድምፅ ተሰማ።

«ማነው የሚመታው?»

«የልጅ ልጅህ ነዋ!» አሉ እትዬ ባኦጁ እያለቀሱ። «ልቡ ነው!»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ቦያን በመጨረሻ መኪናውን የሚያቆምበት አግኝቶ፣ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ፣ እያለከለከ አጠገባቸው የደረሰው በዚያች ቅጽበት ነው።

«ቸኩሏል» አሉ አቶ ጂንሁዎ። ከዚያ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩትና ድምፃቸው ተሰበረ። «ይቸኩል። ይሄኛውን መሮውን አልቀማውም።»

ውስጥ ያለችው ዩንሩ ሰማች። መጀመሪያ የምታለቅስ ነበር የመሰላት፤ ሳቅ ነው የወጣት፤ ሆዷ እስኪርገበገብ ድረስ።

«ኧረ አትሳቂብኝ» አለች ሐኪሟ፤ «ምስሉ ተናወጠብኝ።»

ዩንሩ ግን ማቆም አልቻለችም።